የሰውነት መክሳትና የልብ መድኀኒት መጠን

ከመገናኛ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ዳር የሰው ሚዛን አስቀምጠው አላፊ አግዳሚውን በጥቂት ብር የሚመዝኑ ልጆችን ሳታዩ አትቀሩም። ብዙ ሰው ለጨዋታ ያህል ወጥቶ ቍጥሩን ይመለከትና ረስቶት ይሄዳል። ዳሩ ግን የልብ ወይም የደም ግፊት መድኀኒት ለሚወስድ ሰው ያ ቍጥር በዋዛ የሚታለፍ አይደለምና ዛሬ ስለዚሁ ጥቂት ለመጻፍ አሰብን።

በገርጂ ሰፈር የሚኖሩ አንድ የምናከብራቸው አዛውንት አሉ። ለደም ግፊታቸው ኤናላፕሪል፥ ለእግራቸውም እብጠት ፉሮሴማይድ የሚባለውን ውሃ የሚያስወጣ ኪኒን መዋጥ ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። የዐቢይ ጾምን 55 ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምሱ ሲጾሙ ሰውነታቸው ከሳ፤ ቀበቷቸውም ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገባ። ኪኒኑን ግን ሳያጓድሉ በፊተኛው ልክ ይውጡ ነበር። አንድ ቀን ማለዳ ከአልጋቸው ብድግ ሲሉ ዐይናቸው ጨለመና ወደቁ። ቤተ ሰቡ የጾም ድካም ነው ብሎ ነገሩን ሊያልፈው ነበር፤ የሐኪሙ መለኪያ ግን የደማቸው ግፊት እጅግ ዝቅ ማለቱን አሳየ። ሐኪሙም የሁለቱንም መጠን ቀነሰላቸው።

ምክንያቱ ስውር አይደለም። ክብደት አንድ ኪሎ በቀነሰ ቍጥር የደም ግፊት በአማካይ በመለኪያው ላይ አንድ ነጥብ ያህል ይወርዳል። ስለዚህ በጾምም ሆነ በስፖርት 10 ኪሎ የቀነሰ ሰው ለወፍራሙ ገላው የተወሰነለትን መድኀኒት እንዲሁ ቢቀጥል፥ ኪኒኑና ክሳቱ ተባብረው ግፊቱን ከሚገባው በታች ሊያወርዱት ይችላሉ። የውሃ ጥም ሲጨመርበት ደግሞ ኵላሊትም ይጎዳል። እኛ በፍርድ ቤት መዝገብ ስንጽፍ የኖርን ነንና የሐኪም ትእዛዝ በዕለቱ ለቀረበው ገላ የተሰጠ ውሳኔ ሆኖ ይታየናል፤ ገላው ሲለወጥ ይግባኝ ያስፈልገዋል።

ዲጎክሲን የተባለው የልብ መድኀኒት ጠባዩ ከዚህ ይለያል። በስብ ውስጥ ብዙም አይከማችም፤ የሚቀመጠው በጡንቻ፥ የሚወጣውም በኵላሊት ነው። እንግዲህ ስብ ብቻ ለቀነሰ ሰው እምብዛም ለውጥ የለውም፤ በእርጅናና በሕመም ጡንቻው መንምኖ ኵላሊቱ ለደከመ ሰው ግን የቀድሞው 0.25 ሚሊ ግራም ሊበዛበት ይችላል። ሲበዛም ምግብ ያስጠላል፥ ያቅለሸልሻል፥ የልብን ምት ያዘገያል፥ ለዐይንም ነገሩን ሁሉ ቢጫ አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል። ምግብ ያስጠላው ሰው ይብሱን ይከሳል፤ ሲከሳም መድኀኒቱ ይብሱን ይበዛበታል። ስለዚህ ቤተ ሰቡ «እህል እንቢ አለው» ሲል ኪኒኑንም መጠርጠር ይገባዋል።

ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ተተክሎላቸው ዋርፋሪን የሚወስዱት ከሚዛኑ ይልቅ ገበታቸውን ይጠብቁ። ጎመን ደም እንዲረጋ የሚረዳ ቫይታሚን ኬ አለበትና በጾም ወራት ሲበዛ የመድኀኒቱ ኀይል ይደክማል፤ ሰው ምግብ ሲተው ደግሞ ኀይሉ ይበረታና ደም ሊያፈስ ይችላል። አመጋገብ በሚለወጥበት ጊዜ የደም ምርመራው ቶሎ ቶሎ ቢደረግ ይበጃል።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንለምናለን። ከሳሁ ብሎ ኪኒኑን በገዛ እጅ ማቋረጥ ከሁሉ የከፋ ነው። አቴኖሎልና ሜቶፕሮሎል በድንገት ሲቋረጡ የልብ ሕመምተኛውን ለደረት ውጋትና ለድንገተኛ የልብ አደጋ ሊዳርጉት ይችላሉ። ደግሞም ሚዛን ያታልላል፤ ልቡ የደከመ ሰው ሥጋው እያለቀ ውሃ ስለሚሞላበት ቍጥሩ ባለበት ሊቆም ይችላል። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ የጨመረ እንደ ሆነ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ።

የገርጂው አዛውንት ዛሬ ደኅና ናቸው። ልጃቸው በየእሑዱ ማለዳ፥ እህል ሳይቀምሱ፥ በአንድ ዐይነት ልብስ ትመዝናቸውና ቍጥሩን በሕክምና ካርዳቸው ጀርባ ትጽፋለች፤ በቀጠሯቸውም ቀን ለሐኪሙ ታሳያለች። እሳቸውም «እኔ በርበሬ ነኝ ወይ፥ በየሳምንቱ የምመዘነው?» እያሉ ያጕረመርማሉ፤ ነገር ግን ከሚዛኑ ቀርተው አያውቁም።