የኪራይ ክፍሉና መንጋው ከአንድ ጉድጓድ አይጠጡ

ሰሞኑን በገበያ የማገኛቸው ነጋዴዎችና አድላቢዎች ስለ ሰንጋ ዋጋ መጠየቅ ትተዋል። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ከብቱን ሸጬ የሚከራይ ክፍል ብሠራ ምን ይመስልሃል?»

ጥያቄው አይፈረድበትም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ መቶ ከብት የነበረው ሰው ባዶ በረት ታቅፎ ሲቀር አይተናል። ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በ2000 ሳዑዲ ዓረቢያ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት የአካባቢያችንን የቁም እንስሳት ስታግድ፣ እገዳው እስኪነሳ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ብሎኬት በድርቅ አይሞትም፤ ወደብ ላይም ተመላሽ አይደረግም። ስለዚህ መልሴ «ሥራ» ነው። ነገር ግን ብዙዎቻችን ክፍሉን የምንሠራው በተሳሳተ ቦታና በተሳሳተ ገንዘብ ነው ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ስለ ቦታው። አብዛኛው ነጋዴ ክፍል የሚሠራው ከብት በሚሸጥበት ከተማ፣ ከገበያው አጠገብ ነው። ቦታውን ያውቀዋል፣ ሰውም ያውቀዋል። ተከራዮቹ እነማን ናቸው? ደላላው፣ የአይሱዙ ሾፌሩ፣ ጫኝና አውራጁ፣ መኖ ሻጩ፣ ሻይ ቤት የከፈተችው እህታችን። ገበያው ሲደራ ክፍሎቹ ሁሉ ይያዛሉ። ድርቅ ወይም እገዳ ሲመጣስ? ከብቱ ዋጋ ባጣበት ወር ሾፌሩ ጭነት ያጣል፣ ደላላውም ኮሚሽን ያጣል፤ ክፍሉ ባዶ ይሆናል ወይም ኪራዩ «ለሚቀጥለው ወር» ይባላል። መከራን ለማምለጥ የተሠራው ቤት ከመንጋው ጋር አብሮ ይጠማል።

ክፍላችሁ ከመንጋችሁ ጋር ከአንድ ጉድጓድ አይጠጣ። ተከራያችሁ ደመወዙ ከከብት ገበያ የማይመጣ ሰው ይሁን፦ መምህር፣ ነርስ፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ተማሪ። ዱብሉቅ ላይ የሚነግድ ሰው ዩኒቨርሲቲ ባለባቸው በያቤሎ ወይም በቡሌ ሆራ ቢሠራ ይሻለዋል። አዳማ ዙሪያ የሚያደልብ ሰውም ደረቅ ወደብና ፋብሪካ ያላትን ሞጆን ቢያይ አይጎዳም። ርቀቱ ትንሽ ያደክማል። ግን የጥበቃው ዋጋ ያ ድካም ነው።

ቀጥሎ ስለ ገንዘቡ። ክፍል ከሰንጋ የበለጠ ያተርፋል የሚል ካለ ሒሳብ አልሠራም። ለምሳሌ ያህል ብቻ እንቁጠር። ስድስት ክፍል በ1.5 ሚሊዮን ብር ሠራችሁ እንበል፤ እያንዳንዱ በወር 2,500 ብር ቢከራይ በዓመት 180,000 ብር ነው። ክፍሎቹ በዓመት አንድ አንድ ወር ባዶ ቢያድሩ 15,000 ይቀነሳል። ለጥገና አሥር በመቶ፣ ማለትም 18,000 ያዙ። ለግብር፣ ለሽንት ቤት ማስመጠጫና ለልዩ ልዩ ወጪ 22,000 በሉ። የሚቀረው 125,000 ብር ነው፤ ያወጣችሁት ገንዘብ የሚመለሰው በአሥራ ሁለት ዓመት ነው። አንድ ሰንጋ በ80,000 ገዝታችሁ፣ 25,000 ብር ፉርሽካና ፋጉሎ አብልታችሁ፣ በሦስት ወር በ120,000 ብትሸጡ ግን 15,000 ታተርፋላችሁ። በመቶኛ ሲታይ ሰንጋው በአንድ ዙር ብቻ ክፍሉን በዓመት ያስከነዳል።

ታዲያ ለምን እንሥራ? ሰንጋው ሊሞት ስለሚችል ነው። ክፍሉ የሚገዛልን ትርፍ ሳይሆን በክፉ ዓመት ቤተሰብ የሚበላውን ነው። ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው፦ ላምና ጊደር ሸጣችሁ ቤት አትሥሩ። የመንጋው ዘር ከጠፋ ኪራይ አይመልሰውም። የሥራ ማስኬጃ ገንዘባችሁንም አትንኩ። ሰንጋ ጠዋት ገበያ ወስዳችሁ ማታ ብር ይዛችሁ ትገባላችሁ፤ ቤት ግን ልጅ በታመመ ቀን አይሸጥም። ቤቱ ከድለባ ትርፍ ወይም ከእቁብ ይሠራ። ሲሠራም አሥር ክፍል እስከ መስኮት ደርሶ ከሚቆም፣ አራት ክፍል በርና ጣሪያ ገጥሞ ቢከራይ ይሻላል። ያላለቀ ግድግዳ ኪራይ አይከፍልም። ለየክፍሉ ትንሽ ቆጣሪ፣ ለግቢው ሮቶና ንጹሕ ሽንት ቤት መጀመሪያውኑ አስገቡ፤ ደህና ተከራይ የሚሸሸው በመብራት ሒሳብ ጭቅጭቅና በውሃ ነው።

ስለ ሕጉም ሁለት ነገር ልበል። ካርታ የሌለው መሬት ላይ የቆመ ጨረቃ ቤት ሀብት አይደለም፤ ጠዋት ግሬደር ሊያነሣው ይችላል። ከገበሬ በውል ወረቀት የተገዛ ቦታ ርካሽ የሚመስለው ለዚህ ነው። ሁለተኛው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። አዲስ አበባንና ድሬዳዋን ይመለከታል፤ በክልል ደግሞ ክልሎች የሚወስኗቸውን ከተሞች። አዋጁ በሚሠራበት ከተማ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ ከሁለት ዓመት ማነስ አይችልም፤ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ጭማሪም በዓመት አንዴ ተቆጣጣሪው አካል ባወጣው መጠን ብቻ ነው። እንግዲህ «ለጊዜው በትንሽ ላስገባው፣ በኋላ እጨምራለሁ» የሚለው የድሮ ዘዴ አይሠራም። የመጀመሪያውን ዋጋ በጥንቃቄ ቁረጡ። በሞያሌ ተሻግራችሁ በማርሳቢት ወይም በኢሲኦሎ የምትሠሩ ደግሞ የኬንያ ሕግ ሌላ መሆኑን እወቁ፦ በዓመት ከ288,000 እስከ 15 ሚሊዮን ሽልንግ የሚደርስ የመኖሪያ ቤት ኪራይ፣ ወጪ ሳይቀነስለት፣ 7.5 በመቶ ግብር ይከፈልበታል።

አንዳንድ ሽማግሌዎች «አርብቶ አደር በብሎኬት አይኖርም» ይላሉ። አልቃወማቸውም። ማንም ከብቱን ይተው አላልኩም። እንዲያውም ክፍሉ የሚጠቅመው ለከብቱ ነው፦ ዝናብ በቀረ ወር የኪራዩ ብር መኖ ይገዛል፤ ላሟም በክፉ ዋጋ ሳትሸጥ ለሚቀጥለው ክረምት ትደርሳለች። ይህን ማድረግ የሚችለው ግን በዚያ ወር ተከራዩ ራሱ ያልከሰረበት ቤት ብቻ ነው። ቦታ ከመግዛታችሁ በፊት ደላላውን ስለ ካሬው ሳይሆን ስለ ሰፈሩ ሰው ጠይቁት፦ እዚህ የሚኖረው ሰው የሚበላው ከየት ነው?