የተማሪ ቡድን አሠልጣኝ መሆንን ለምን እመኛለሁ?

ወደፊት ምን ለመሆን ታስባለህ ተብዬ ስጠየቅ ሐኪም ወይም መሐንዲስ የሚል መልስ ይጠበቅብኛል፤ የክፍል ደረጃዬም ከዚህ አያርቀኝም። እኔ ግን በትምህርታቸው የተመረጡ ልጆች በሚማሩበት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የእግር ኳስ ቡድን ማሠልጠን እመኛለሁ። ይህን ለአባቴ የነገርኳቸው ዕለት «ለኳስ ከሆነ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ስታጠና አመሸህ?» አሉኝ። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ መልሴን በዚህ መጽሔት አቀርባለሁ፤ እርሳቸውም ያነቡታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ብዙ ሰው ኳስና መጽሐፍ ባላንጣ ይመስሉታል። ነገር ግን በጥር ወር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደውን ብሔራዊ ቡድናችንን ያሠለጠኑት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሪ ነበሩ። (ያን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. የከፈቱት ራስ ተፈሪ የሐረርጌ ተወላጅ መሆናቸውን ባስታውስ ጉራ አይባልብኝ።) አቶ ይድነቃቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ከሃያ ዓመት በላይ ተጫውተዋል፤ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሞቱበት እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ። የደቡብ አፍሪካን የዘር መድልዎ በዓለም ጉባኤ ላይ ሲሟገቱ የረዳቸው እግራቸው ሳይሆን ትምህርታቸው ነው።

ታዲያ የተማሪ አሠልጣኝ ሥራ ምኑ ያስቀናል? የክለብ አሠልጣኝ ያጣውን ተጫዋች ያስገዛል፤ ሦስት ጊዜ ቢሸነፍ ደግሞ ይባረራል። የተማሪ አሠልጣኝ ግን መዝገብ ቤት የላከለትን ልጅ ተቀብሎ ይሠራዋል፤ ልጁ ልክ ሲበስልለትም ተመርቆ ይሄድበታል። በአሜሪካ፣ ኳሱን በእጅ ይዘው በሚሮጡበት በእነርሱ ፉትቦል፣ አሎንዞ ስታግ የተባለ የዬል ተመራቂ በ1892 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ሲጀምር የመምህርነት ማዕረግ ተሰጥቶት አርባ ዓመት ያህል አሠልጥኗል። ሃርቫርድና ዬል ያሉበት ማኅበርም እስከ ዛሬ ስለ ኳስ ችሎታ ብሎ ነፃ የትምህርት ዕድል አይሰጥም። የቺካጎው ቡድን በ1939 እ.ኤ.አ. ለትምህርት አይበጅም ተብሎ መፍረሱንም አልደብቅም፤ አባቴ ቢያገኙት ኖሮ ይጠቅሱብኝ ነበር።

ይሁን እንጂ እኔን ያሳመነኝ አሜሪካ አይደለም። በጀጎል ጠባብ መንገድ ኳስ የተጫወተ ልጅ ረጅም ኳስ መምታት አይለምድም፤ ግንቡ ይመልስበታል። አሠልጣኛችን፣ የፊዚክስ መምህራችን ማለቴ ነው፣ ይህን ተመለከቱና ብርሃን መስተዋት ላይ ሲያርፍ በገባበት ማዕዘን ልክ ይመለሳል የሚለውን ትምህርት ከሰሌዳው ላይ አንሥተው ግንብ ሥር በኳስ አሳዩን። በክፍል ውስጥ ያንቀላፋው ሁሉ በዚያ ቀን ገባው። አንድ ጊዜም ዋና አጥቂያችን የቤት ሥራውን ስላልሠራ ከጨዋታ አስቀሩት። 1 ለ 0 ተሸነፍን፤ ተመልካቹም ጮኸባቸው። እርሳቸው ዝም አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ልጁ ደብተሩን ይዞ ሜዳ መጣ። አሠልጣኝ መሆን የተመኘሁት የዚያን ዕለት ነው።

ዘንድሮ ግን የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሜዳ እንዳይወርድ ተከልክሏል። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ በ2014 የትምህርት ዘመን ፈተና ከተቀመጡት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ነገር ግን ከሜዳ የተከለከለ ሰዓት ሁሉ ለመጽሐፍ አይውልም። በከተማችን ከሰዓት በኋላ በርጫ የሚያዝበት ሰዓት መሆኑን የማያውቅ የለም። ሜዳ ያልወረደው ጓደኛዬ የት እንደሚቀመጥ አውቃለሁ፤ እኔም ሁለት ቀን አብሬው ተቀምጫለሁ። አባቴ ይህን የሚያውቁት ገና አሁን ነው፤ ይቅርታቸውን እለምናለሁ።

ከእኛ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ይሰጣል። ሌላ ትምህርት ያልደረሰው የሚገባበት ነው ሲሉ እሰማለሁ። ውጤት ከመጣልኝ እኔ በመጀመሪያ ምርጫነት እሞላዋለሁ። እስከዚያው ግን ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከ10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት፣ ሜዳው እንዲፈቀድልን በአክብሮት እለምናለሁ። ኳሱን እኛው እናመጣለን።