በስልክ ገጽ ስለሚፈለገው ፈውስ

በአሜሪካ ምድር ኦፒዮይድ ከሚባሉት ሱስ አስያዥ ዕፆች የተነሣ የሚረግፈውን ሕዝብ ብዛት የሰማ፣ ይኸውም በ2021 ብቻ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ከ80 ሺህ በላይ ነፍስ መጥፋቱን ያወቀ ሰው፣ ለዚህ መቅሠፍት መድኅን ነው የተባለውን ሁሉ እጁን ዘርግቶ ቢቀበል አያስወቅሰውም። ዳሩ ግን በዚያች አገር በሊቃውንቱም በነጋዴውም አንደበት እንደ ጸና ሃይማኖት የሚነገረው ሐሳብ፣ ማለት የሱስ ሕሙማንን በእጅ ስልክ ላይ በሚጫን መተግበሪያ ማዳን ይቻላል የሚለው፣ ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባውም። የምቃወመው ስልኩን አይደለም፤ ስልኩ በመድኃኒቱ መንበር ላይ መቀመጡን ነው።

መድኃኒቱማ ታውቆ ያደረ ነው። ዶልና ኒስዋንደር የተባሉት ሐኪሞች በኒው ዮርክ ለሄሮይን ሕሙማን ሜታዶን መስጠት ከጀመሩ 60 ዓመት አልፏል፤ ፈረንሳይም በ1995 ማንኛውም ሐኪም ሌላውን የሱስ መድኃኒት፣ ቡፕረኖርፊንን፣ እንዲያዝዝ ከፈቀደች ወዲህ፣ ዕፅ ከመጠን በላይ ወስዶ የሚሞተው ሰው ቁጥር እስከ 1999 ድረስ በ79 በመቶ ወረደ። ይህም የሆነው በሰፈር ሐኪም ብዕርና ወረቀት ነው።

ይህ ሁሉ እየታወቀ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2018 መጨረሻ ሪሴት-ኦ የተባለውን፣ ሐኪም እንደ ክኒን የሚያዝዘውን መተግበሪያ ፈቀደ። ሕመምተኛው ትምህርቱን ያነባል፣ ጥያቄውን ይመልሳል፣ ሲጨርስም በስልኩ ገጽ ላይ የዕጣ መንኰራኵር አሽከርክሮ አንዳንዴ የማበረታቻ ቃል፣ አንዳንዴም የስጦታ ካርድ ይደርሰዋል። ለፈቃዱ መሠረት በሆነው፣ 170 ሰዎች በገቡበት ጥናት ሁለቱም ወገኖች ቡፕረኖርፊን እየወሰዱ ሳለ፣ ፕሮግራሙን ከተጠቀሙት 82.4 በመቶው፣ ካልተጠቀሙትም 68.4 በመቶው እስከ 12ኛው ሳምንት በሕክምናው ጸኑ። መጽናት ታላቅ ነገር ነው፤ ከሕክምና የወጣ ሰው ለሞት ይቀርባልና ይህን አላቃልልም። ነገር ግን ፕሮግራሙ ሕገ ወጥ ዕፅ መውሰድን መቀነሱን ጥናቱ እንዳላሳየ ፈቃጁ መሥሪያ ቤት ራሱ መስክሯል፤ የተፈተነውም በጠረጴዛ ኮምፒውተር የሚሠራው እንጂ በኪስ የሚያዘው አልነበረም። በአክሲዮን ገበያ ውል ከ1.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተገምቶ የነበረው ባለቤቱ፣ ፔር ቴራፒዩቲክስ፣ በ2023 ከሰረና ንብረቱ በሐራጅ 6 ሚሊዮን ዶላር ያህል አወጣ።

ገንዘቡና ተስፋው በዚህ ሲባክን፣ ሰውን ከመድኃኒቱ የለየው አጥር በሕግ የተሠራ ነበር። ኦክሲኮዶንን የመሰለውን ሱስ አምጪ የሕመም ማስታገሻ ለማዘዝ ተጨማሪ ፈቃድ የማያሻው ሐኪም፣ ሱሱን የሚያክመውን ቡፕረኖርፊን ለማዘዝ ግን እስከ 2022 ማብቂያ ድረስ ልዩ ፈቃድ ማውጣት ነበረበት። ሜታዶኑን ወደ ቤቱ እንዲወስድ ያልተፈቀደለትም ሰው ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ፣ ከክሊኒኩ መስኮት ፊት ተሰልፎ፣ ነርሷ የምትሰጠውን ትንሽ ኩባያ እያየችው ይጨልጣል፤ መዋጡም እንዲታወቅ ተናገር ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሥራው የሚሮጠው። በጎዳና የሚያድረውንማ ምን እንለዋለን? ስልኩ ይሰረቃል፣ ባትሪው ያልቃል፣ ቁጥሩም ይለወጣል፤ የመንኰራኵሩ ሽልማት ከቶ አይደርሰውም።

ስልክ በእውነት የጠቀመበት ጊዜ አለ፤ እርሱም በመጋቢት 2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ፣ ሕሙማን ሐኪም ፊት ሳይቀርቡ፣ ያለ ምስል፣ በተራ የስልክ ድምፅ ብቻ ቡፕረኖርፊን እንዲጀምሩ የተፈቀደበት ነው። በዚያን ጊዜ ስልኩ መድኃኒቱን አቀረበ እንጂ ልተካው አላለም።

አሁን ደግሞ ሜታዶን ወደ ቤቱ የሚወስድ ሰው ሲጠጣ ራሱን በካሜራ ቀርጾ እንዲልክ የሚያደርግ መተግበሪያ እንደ ርኅራኄ ሥራ ይቀርብልናል። በብሪታንያና በካናዳ ሕመምተኛው ከሰፈሩ መድኃኒት ቤት የሚቀበለውን ሜታዶን፣ የአሜሪካው ድውይ ለሱሱ ከተለየው ክሊኒክ በቀር እንዳይቀበል የከለከለው ሕግ ሳይነካ፣ ጠባቂው ብቻ ከመስኮቱ ወደ መኝታ ቤቱ ተሻገረ። ሕጉ ይሻሻል፤ ሜታዶን በየሰፈሩ መድኃኒት ቤት ይሰጥ፤ በስልክ ድምፅ ሕክምና መጀመርም ያለ ማወላወል ይጽና። መተግበሪያውም ከዚያ ወዲያ የሚተርፈው ሥራ ቢኖር፣ ከሐኪሙ ሥር ሆኖ ያገልግል።