የአባት በገና

አባት ሲያርፍ ንብረቱን ማካፈል ቢያስቸግርም መንገድ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜ ከሌለ ልጆች፣ ሴትም ሆኑ ወንድ፣ እኩል እንዲወርሱ አዝዟል። ቤቱ በካሬ ሜትር ይለካል፤ ገንዘቡም በብር ይቈጠራል። በዕቃው መካከል የማይለካና የማይቈጠር ነገር ሲገኝ ግን ሽማግሌዎቹም ዝም ይላሉ።

በእኛ ቤት የተገኘው የአባቴ በገና ነው። እሱም ከአባቱ የተቀበለው ነው። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ያልፋል፤ ምሰሶዎቹ ጢስ ጠግበው ጠቁረዋል፤ ከ10ሩ አውታሮች 3ቱ ተበጥሰዋል። ወራሾቹ ሦስት ነን፤ በዋሽንግተን የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ፣ በደሴ በመንግሥት ሥራ ላይ ያለችው እኅቴና እኔ።

አንባቢዬ በዐቢይ ጾም በሬዲዮ ሰምቶት ይሆናል እንጂ በገናን በእጁ ዳስሶ የሚያውቅ ወጣት ብዙ አይደለም። ስለዚህ ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበል። ከላይ ቀንበሩ፣ በግራና በቀኝ ምሰሶዎቹ፣ ከታች የከብት ቆዳ የለበሰው ገበቴ አለ። ሊቃውንቱ አውታሮቹን በ10ቱ ቃላት፣ ቀንበሩን በእግዚአብሔር፣ ገበቴውን በእመቤታችን፣ ሁለቱን ምሰሶዎች በሚካኤልና በገብርኤል ይመስሏቸዋል። አውታሩ የበግ አንጀት ነው፤ ታጥቦ፣ ተፍቆ፣ ተገምዶና ተወጥሮ ይደርቃል። በጣት የሚደረድሩ ብዙዎች የሚመቱት 6ቱን ብቻ ሲሆን የቀሩት 4ቱ ጣት ማሳረፊያ ናቸው።

የፊዚክስ መምህር ነኝና እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ እንዚራ የተባለችው ቁራጭ ቆዳ ናት። በአውታሩና በበርኩማው መካከል ትገባለች። አውታሩ ሲመታ የበርኩማውን ገጽ ደጋግሞ እየነካ ይነዝራል፤ ያ ንብ የሰፈረበት ቀፎ የሚመስለው ድምፅ የሚወጣው ከዚህ ነው። እንዚራዋ ጥቂት ከቦታዋ ብትንሸራተት አውታሩ አለ፣ ድምፁ ግን የለም። ተማሪዎቼ ስለ ንዝረት ሲጠይቁኝ ከመጽሐፉ ሥዕል ይልቅ ይህችን ቆዳ ባሳያቸው በወደድሁ።

በገናውን የወሰድሁለት ጠጋኝ ግን እንዚራዎቹን ሊጥላቸው ነበር። «አሥሩንም አውጥቼ ናይሎን አስገባለሁ፤ እንጨቱንም ቫርኒሽ እቀባዋለሁ፤ አዲስ ይሆንልሃል» አለኝ። ናይሎንን አልነቅፍም። ርካሽ ነው፤ ቶሎ አይበጠስም፤ ዛሬ ብዙ ደርዳሪዎች ይዘውታል፤ ለሚማር ሰውም ይበቃል። ነገር ግን 7 የአንጀት አውታሮች ገና ደኅና ሳሉ ነቅሎ መጣል ምን የሚሉት ጥገና ነው? ቫርኒሹማ ይባስ! የሁለት ሰው እጅ ያለሰለሰውን እንጨት ለማብለጭለጭ ብሎ መሸፈን ነው። በገናዬን አቅፌ ወጣሁ።

ወንድሜ ደግሞ በሳሎኑ ግድግዳ ሊሰቅለው ፈለገ። ልጆቹ እንዲያዩት ነው፤ አሳቡ ክፉ አይደለም። የሆነ ሆኖ ቅርስ የሆነን ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ስለሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል። ፈቃዱ ቢገኝ እንኳ በክረምት በማሞቂያ የሚደርቀው የዚያ አገር ቤት አየር ለቆዳና ለአሮጌ እንጨት አይስማማም።

መደርደር የምታውቀው እኅቴ ብቻ ናት። አባቴ ጎልማሳ በነበረበት በደርግ ዘመን በገና ከሬዲዮም ከትምህርት ቤትም ርቆ ነበር። ዓለሙ አጋ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1972 በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ማስተማር ጀምሮ ነበር፤ በዚያው ዘመን ትምህርቱ ተቋረጠ። አባቴም መሣሪያውን ጠቅልሎ ቆጥ ላይ አኖረው። ሲያወርደው እኛ ወንዶቹ በኳስ ስንሮጥ አጠገቡ የተቀመጠችው እኅቴ ነበረች። «ሴት ልጅ በገና ይዛ?» የሚል ዘመድ አልጠፋም። ቀድሞ የመኳንንት ወይዛዝርት ይደረድሩት እንደነበር፣ ዛሬም ሴቶች እየተማሩት እንደሆነ አልሰማም መሰለኝ።

ከባዱ ክርክር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በገና የሚቃኘው በደርዳሪው ድምፅ ልክ ነው። የአባቴ ድምፅ ወፍራም ነበር፤ የእኅቴ ቀጭን ነው። እንግዲህ እሷ ስትይዘው አውታሮቹ ሁሉ ይጠብቃሉ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ድምፅ ከዚያ መሣሪያ አይወጣም። ወንድሜ ይህን ሲሰማ በስልክ ዝም ብሎ ቆየና «እንዲያ ከሆነ የአባባ በገና አይደለማ» አለ። ሐዘኑ ይገባኛል። ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ግን የማንም ድምፅ አይሰማበትም፤ አውታሮቹም ሳይነኩ ይላላሉ። አባቴም ከአያቴ ሲቀበለው ለራሱ ድምፅ ቃኝቶት ነበር።

ነገሩን የቈረጡት እናቴ ናቸው። «ሦስታችሁ ስትከራከሩ እሱ ጥግ ቆሞ ያያችኋል። የምታውቅበት ትውሰደው፤ ከድርሻዋም አይታሰብባት» አሉ።

እንዲህ ያለ ዕቃ የደረሰው ተማሪ ወይም ጸሐፊ በኪራይ ክፍሉ ቢያኖረው ከምድጃና ከመስኮት ያርቀው፤ አይጥ አንጀት ይወዳልና መሬት ላይ አይተወው። ለጠጋኝ ከመስጠቱ በፊት እያንዳንዷ እንዚራ የተቀመጠችበትን ስፍራ በስልኩ ፎቶግራፍ ያንሣ። ወላጁ በሕይወት ካለ ደግሞ ቅኝቱን ዛሬውኑ ይቅዳ። እኅቴ የቀዳችውን የአባቴን ድምፅ ለሦስታችንም አባዝቼዋለሁ።

የ3ቱን አውታሮች ዋጋ ወንድሜ ልኳል። ሠሪው የሚያስረክበን ከመስከረም በኋላ ነው፤ በክረምት አንጀት በደንብ አይደርቅለትም።