ሳይለኩ መቆለፍ ይብቃ፦ ለሰርቨር አስተዳዳሪዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የሰርቨር አስተዳዳሪዎችና የቡድን መሪዎች፣

አዲስ ሰርቨር በተተከለ ቁጥር ከምንከተለው የሥራ ዝርዝር ውስጥ አንዲት መስመር ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ስትሻገር ዓመታት አልፈዋል። የሁሉንም ኮር ገቨርነር «ፐርፎርማንስ» አድርግ፣ ባዮስ ላይ ሲ-ስቴት ዝጋ፣ ወደሚቀጥለው ሥራ እለፍ ትላለች። ማን እንደጻፋት፣ ለየትኛው ፕሮሰሰር እንደጻፋት፣ ምን ችግር ሊፈታባት እንደፈለገ የሚነግረን የለም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ አሠራሩን እንድንተው ለመጠየቅ ነው።

መስመሯ ያለ ምክንያት አልተጻፈችም። በ2004 ከሊኑክስ 2.6.9 ጋር የመጣው ኦንዲማንድ ገቨርነር ፍጥነት የሚጨምረውና የሚቀንሰው ኮሩ ምን ያህል ሥራ እንደበዛበት በየተወሰነ ጊዜ እያየ ነው። ዳታቤዙና አፕሊኬሽኑ በአንድ ማሽን ላይ ተራ በተራ ሲጠባበቁ እያንዳንዱ ኮር ግማሹን ጊዜ ሥራ የፈታ ይመስላል። ገቨርነሩም ፍጥነቱን ዝቅ ያደርጋል፤ ደንበኛው ግን መልስ እየጠበቀ ነው። ይህን ተመልክቶ ፍጥነቱን ከላይ የቆለፈ ባለሙያ ልክ ነበር። የእኛ ጥፋት የእሱን መፍትሔ ችግሩ በሌለበት ማሽን ላይ ሁሉ መጫናችን ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። በ2013 ሊኑክስ 3.9 ኢንቴል ፒስቴት የተባለውን ድራይቨር ይዞ መጣ። በቀድሞው ኤሲፒአይ ድራይቨር ሥር «ፓወርሴቭ» ማለት ፕሮሰሰሩን በዝቅተኛው ፍጥነት ማሰር ነበር፤ በአዲሱ ግን ያው ምርጫ እንደ ሥራው ብዛት ፍጥነቱን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ከስካይሌክ ትውልድ ጀምሮ ደግሞ ፍጥነቱን መምረጥ የሚችለው ፕሮሰሰሩ ራሱ ነው፤ ከርነሉ የሚነግረው ወደ ቁጠባ ያድላ ወይስ ወደ ፍጥነት የሚለውን ነው። ኤኤምዲም በ2022 በሊኑክስ 5.17 የራሱ ፒስቴት ድራይቨር ተጨምሮለታል። «ፓወርሴቭ» የሚል ቃል አይቶ «ሰርቨራችን እስከ ዛሬ ታስሮ ኖሯል» ብሎ ሪፖርት የሚጽፍ ባልደረባ የትኛው ድራይቨር እየሠራ እንደሆነ ሳያይ ነው የሚፈርደው። ለማየት እኮ አንዲት ፋይል ማንበብ ይበቃ ነበር።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የሲ-ስቴቱ፣ ማለትም ሥራ የፈታ ኮር የሚተኛባቸው ደረጃዎች ነገር ነው። ዚዮን ጎልድ 6148 የተባለውን የኢንቴል ፕሮሰሰር ውሰዱ። 20 ኮር አለው፤ መነሻ ፍጥነቱ 2.4 ጊጋኸርዝ፣ ከፍተኛው 3.7 ነው። 3.7 የሚደርሰው ግን ጥቂት ኮሮች ብቻ ሲሠሩ ነው። ሁሉም ሲሠሩ ጣሪያው 3.1 ይሆናል፤ ሁሉም ከባድ የኤቪኤክስ-512 ስሌት ከያዙ ወደ 2.2 ይወርዳል። ይህን ጣሪያ የትኛውም ገቨርነር ከፍ አያደርገውም። ሲ-ስቴት ሲዘጋ ደግሞ ሥራ የሌላቸው ኮሮች ጠልቀው አይተኙም፤ ስላልተኙም ፕሮሰሰሩ እንደሚሠሩ ይቆጥራቸዋል፤ ብቻውን የሚሮጠው ኮር ሊያገኘው የሚችለው ተጨማሪ ፍጥነት ይቀርበታል። በአንድ ኮር ላይ የሚሄድ ረጅም የሂሳብ መዝጊያ ሥራ ያለው ቡድን «ለፍጥነት» ብሎ በወሰደው እርምጃ ሥራውን ያዘገያል ማለት ነው፤ ስላልለካም አያውቀውም።

የምንፈራው መዘግየት ምን ያህል እንደሆነስ ጠይቀናል? ሊኑክስ ለስካይሌክ ሰርቨሮች በያዘው ሠንጠረዥ ከጥልቁ ሲ6 ለመንቃት የተመዘገበው 133 ማይክሮሰከንድ ነው። የኔትወርክ ፓኬት ለሚያቀነባብር ማሽን ይህ ብዙ ነው፤ መዝጋቱም ተገቢ ሊሆን ይችላል። በአሥሮች ሚሊሰከንድ ለሚመልስ የድር አገልግሎት ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በዚያ ላይ የኢንቴል አይድል ድራይቨር በራሱ ሠንጠረዥ ስለሚመራ፣ ባዮስ ላይ «ዘጋነው» ያልነው ሲ-ስቴት በአንዳንድ ማሽኖች ላይ ክፍት ሆኖ ይገኛል።

ፐርፎርማንስ ገቨርነር ብቻውን፣ ሲ-ስቴት ክፍት ከሆነ፣ በሌሊት ብዙ ኃይል ላያባክን ይችላል፤ ሥራ የፈታ ኮር ይተኛልና። ዋጋ የሚያስከፍለው ሁለቱን አብሮ መቆለፍ ነው። የፕሮሰሰር ፍጆታ ከፍጥነቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚያድግ የመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜጋኸርዞች እጅግ ውድ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ዩፒኤሱ የሚሸከመውም ይህንኑ ዋት ነው።

ትእዛዙ ስለመያዙስ ማን አየ? በሲስ ማውጫ ውስጥ በእጅ የተጻፈ ገቨርነር ማሽኑ እንደገና ሲነሣ ይጠፋል። የቆዩ የኡቡንቱ ዕትሞች ማሽኑ ተነሥቶ 60 ሰከንድ ካለፈ በኋላ ገቨርነሩን በራሳቸው የሚቀይር ስክሪፕት ነበራቸው። በሬድ ሃት ሰርቨሮች ላይ ቲዩንድ የራሱን ፕሮፋይል ይጭናል፤ በእጃችን የጻፍነው ስክሪፕት ከእሱ ጋር ይጋጫል። በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀየር ነገር የለም፤ የሚወስነው ከታች ያለው አስተናጋጅ ማሽን ነው። ስሕተት እንዳያሳይ ተደርጎ የተጻፈ ስክሪፕት ግን እዚያም «ተሳክቷል» ብሎ ያልፋል። ይህ ከሁሉ በላይ ያሳዝነኛል፤ ያልተደረገን ሥራ እንደተደረገ አድርጎ መዝግቦ ለሚቀጥለው ሰው ያስረክባልና።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። መስመሯን ከዝርዝሩ አውጧት። በምትኩ የፍጥነት ቅንብር መቀየር የሚፈልግ ሁሉ ድራይቨሩ የትኛው እንደሆነና የባዮሱ ፕሮፋይል ምን እንደሚል ይጻፍ። ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ተርቦስታት የተባለውን የመለኪያ መሣሪያ ከለውጡ በፊትና በኋላ አስኪዶ ትክክለኛውን ፍጥነት፣ ኮሮቹ በየሲ-ስቴቱ የቆዩበትን መጠንና ዋቱን ያያይዝ። ከጎኑም የአገልግሎቱን የመልስ ጊዜ ያስቀምጥ፤ አማካዩን ብቻ ሳይሆን ከመቶ አንዱን በጣም የዘገየ ጥያቄም ጭምር። ከርነል ወይም ፈርምዌር ሲታደስ ልኬቱ ይደገም። ቁጥሮቹ ልዩነት ካላሳዩ ማሽኑ ወደ ነበረበት ይመለስ፤ ያም ይመዝገብ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሙያ ባልደረባችሁ