ጥበብ የለበሰችው እና ጥጥ የፈተለችው

የሕትመት ማስታወቂያ ሴትን እንዴት እንደሚያሳይ ለማየት የሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ ሱቆች ደጃፍ ይበቃል። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር የተሰቀሉት ባነሮች ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ናቸው። የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ወጣት አንገቷን ዘንበል አድርጋ ፈገግ ትላለች፤ ፊቷ በኮምፒውተር ፈክቷል፤ አንዳንዴ ጀበና ከፊቷ ይቀመጣል። የሱቁ ስልክ ቁጥር እግሯ ሥር ነው። ወንድ አብሯት ካለ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የምትደገፈው እሷ ናት።

ልብሱ ግን እዚያው ጉለሌ ውስጥ ብዙ እጅ ያልፍበታል። የአካባቢው ሸማኔዎች ብዙዎቹ ዶርዜን ጨምሮ ከጋሞ ደጋማ ቦታዎች የመጡ ወይም የእነዚያ ልጆች ናቸው። በልማድ ሽመናው የወንድ፣ ፈትሉ የሴት ነው። ድሩ የፋብሪካ ክር ቢሆንም ማጉን ጥጥ ዳምጣና ባዝታ በእንዝርት የምታወርደው ሴት ናት። በባነሩ ላይ ሸማኔውም ፈታይዋም የሉም። ሸማኔው ቢያንስ ቱሪስት ፎቶ ያነሳዋል፤ ፈታይዋ እሱም የላትም።

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ኧርቪንግ ጎፍማን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የማስታወቂያ ፎቶዎችን አሰባስቦ ሲመረምር፣ ሴቶች ዕቃን ጨብጠው ከመያዝ ይልቅ በጣታቸው ጫፍ እየዳሰሱ እንደሚታዩ አስተውሏል። የባነሯም ልጅ የጥለቱን ጠርዝ የምትነካው እንዲሁ ነው፤ ፈታይዋ ግን ባዘቶውን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ጠበቅ አድርጋ ትይዛለች።

ልማዱ የሽሮ ሜዳ ብቻ አይደለም። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የቱሪዝም ኃላፊው ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀጋ» በሚል መሪ ቃል አገሪቱን ለቱሪስት ሲያስተዋውቁ፣ በዘመኑ ፖስተሮች ላይ የሴት ውበት አልታጣም። ሐበሻ ቢራም በጠርሙሱ ላይ የለጠፈው የሴት ፊት ነው።

ሕጉ የሚመለከተው የታየውን ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የሰውን ክብርና የጾታ እኩልነት የሚነካ ምስልና ንግግር ይከለክላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አዋጅ ደግሞ የቢራን ቢልቦርድ ከመንገድ ሲያነሳ፣ ሳያስበው ብርጭቆ ይዘው የሚስቁትን ሴቶችም አብሮ አወረደ። ብሪታንያ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ራቅ ብላ ሄዳ፣ ቤተሰቡ ቤቱን ሲያዝረከርክ ሴትዮዋ ብቻዋን የምታጸዳበትን ዓይነት ማስታወቂያ ከልክላለች። ላልታየችው ሴት ግን የትኛውም ሕግ አይጠይቅላትም፤ ባነር ላይ ፈታይ ባለመኖሯ የሚከሰስ የለም። ማተሚያ ቤቱም ቢሆን ክፋት የለበትም፤ ፎቶ አንሺ ከመቅጠር ከኢንተርኔት የወረደ ምስል ይረክሳል።

ምስል የሌለው ማስታወቂያም ሴትን ይሥላል። የመንግሥትና የድርጅት ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ «ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ» ብሎ ይቋጫል። ስልክ እንጨት ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ግን «አስተናጋጅ፣ ጾታ፦ ሴት» ይላል፤ አንዳንዱ ዕድሜ ይወስናል፣ አንዳንዱም «መልከ መልካም» የሚል ይጨምርበታል። የደመወዙ መስመር ላይ ሲደርስ የሚጻፈው «በስምምነት» ነው።