«ብቻውን ሲሠራ ይሻል ነበር» ለምትሉ

ስለ ካር ሲት ሄድሬስት በተነሳ ቁጥር አንድ ሰው ብቅ ይልና «ባንድ ሳይሆኑ በፊት ነበር እንጂ!» ይላል። እስካሁን ዝም ብዬ አልፌዋለሁ። ዛሬ ግን አላልፍም።

ለማታውቁት፦ በፈረንጆቹ 2010 ዊል ቶሌዶ የሚባል የቨርጂኒያ ልጅ ዘፈን እየጻፈ ብቻውን መቅዳት ጀመረ። ሲዘፍን ቤተሰብ እንዳይሰማው መኪና ውስጥ ይገባና ከኋላ ወንበር ቁጭ ብሎ ይቀዳል። ፊት ለፊቱ ያለው የፊተኛው ወንበር የራስ መደገፊያ ነው። ስሙም ከዚያው መጣ። (የባንድ ስም ጠፍቶ!) የሠራውን ሁሉ ባንድካምፕ ላይ ራሱ ይለቃል። በ2011 «ትዊን ፋንታሲ»ን ሲያወጣ ገና የ19 ዓመት ልጅ ነበር።

ከዚያ ወደ ሲያትል አካባቢ ሄደ (አዎ፣ የእኛ ሰው የሞላባት ሲያትል)፤ እዚያ የሚጫወቱለትን ሰዎች አገኘ፣ በ2015 ደግሞ ከማታዶር ጋር ተፈራረመ። በ2018 ያንኑ «ትዊን ፋንታሲ» ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከባንዱ ጋር እንደገና ቀድቶ አወጣው።

ጠቡ እዚህ ጋ ነው። «የድሮው እውነተኛ ነው፣ ሻካራ ነው፣ ብቸኝነቱ ይሰማል» ትላላችሁ። ይሰማል፣ አልካድኩም። ግን እስቲ «ቢች ላይፍ ኢን ዴዝ»ን ሁለቱንም አከታትላችሁ ስሙ። ከ12 ደቂቃ በላይ የሚሄድ ዘፈን ነው። በድሮው ቅጂ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ተጨፍልቋል፤ ልጁ ሲጮህም ሲያንሾካሹክም ያው ጭጋግ ውስጥ ነው። በአዲሱ አንድሩ ካትዝ ድራሙን ሲያቆመው ዝምታው ራሱ ይሰማል፤ መልሶ ሲገባ ደረት ይመታል። የልጁ ብቸኝነት ድሮም የነበረው ግጥሙ ውስጥ ነው። የማይክሮፎኑ ርካሽነት ለብቻው ብቸኝነት አይሆንም ባይ ነኝ።

አንድ ነገር ላይ ግን እስማማለሁ። «ነርቨስ ያንግ ኢንሂዩማንስ» መጨረሻ ላይ ያለውን የንግግር ክፍል ቀይሮታል፣ እኔ የድሮውን እመርጣለሁ። የ25 ዓመት ሰው የ19 ዓመቱን ልጅ ቃል ሲያርም ትንሽ ይጎረብጣል።

ቢሆንም የሚያናድደኝ ከምርጫው ጀርባ ያለው ነገር ነው። «ብቻህን በነበርክ ጊዜ» ስንለው ምን ማለታችን ነው? ጓደኛ ባታገኝ ኖሮ፣ ያ ጭንቀት ባይለቅህ ኖሮ፣ ለእኛ ጆሮ ይጥመን ነበር ማለት እኮ ነው። ሰውዬው ከመኪናው ወርዶ ከሦስት ሰዎች ጋር አንድ ክፍል ገባ። እና ተመለስ እንበለው?

ደግሞ የድሮውን አላጠፋባችሁም። በ2018 ለሁለቱም ለየብቻ ስም ሰጥቶ «ሚረር ቱ ሚረር» እና «ፌስ ቱ ፌስ» አላቸው፤ የድሮውም አለ፣ ማንም አልወሰደባችሁም። በ2025 የወጣውን «ዘ ስኮላርስ»ን ብትሰሙ ደግሞ ጊታሪስቱ ኢታን አይቭስም ይዘፍናል። ለእኔ አይቭስ ድምፁን የሚያወጣባቸው ቦታዎች የአልበሙ ምርጥ ቦታዎች ናቸው። ለመከራከር የምትፈልጉ ኮሜንት ላይ ነኝ፣ መጀመሪያ ግን ሁለቱን ቅጂዎች በጆሮ ማዳመጫ ሰምታችሁ ኑ።